ከቁስቋም ግቢ እስከ ክትባት ካርድ

ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም ግቢ ሳይቀር ደርሶበት ነበር። አያቶቻችን ዘዴ ነበራቸው፤ ከታማሚው ቁስል ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጭረው ያስገቡ ነበር። ብዙዎችን አትርፏል፤ ግን አንዳንዱን ይገድል፣ በሽታውንም ያዛምት ነበር። (ክታብና ክትባት ከአንድ ቃል መውጣታቸው ይገርመናል።)

በ1963 ዓ.ም የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር ከታቢዎች ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዘው ደጋውን በእግርና በበቅሎ ወጡ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም የአገራችን የመጨረሻ ታማሚ በኦጋዴን ተገኘ። መደበኛው የሕፃናት ክትባት በ1972 ዓ.ም ተጀመረ።

ፈንጣጣን አናውቀውም፤ ኩፍኝን ግን እናውቀዋለን። የ9 ወሩ ክትባት ብዙም አይረሳም፤ የሚዘለለው የ15 ወሩ ነው፣ ልጁ ድክ ድክ ሲል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የቁጠባ ደብተር ስንሰበስብ የልጆቹን ካርድም አብረን እናያለን።