ጄኔራል ስማትስ ባይሸነፉ ኖሮ ደቡብ አፍሪካ ምን ትሆን ነበር?

አንድ ቀን የታሪክ መምህራችን ወደ ክፍል ገብተው ሰላምታችንን ከተቀበሉ በኋላ፥ ምንም ሳይናገሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥሮች ጻፉ። አንደኛው 524 ሺህ፥ ሁለተኛው 443 ሺህ ነበር። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው «የትኛው አሸነፈ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ጥያቄው ለአንደኛ ክፍል ሕፃን የሚቀርብ መስሎን ሳቅን፤ በአንድ ድምፅም «የመጀመሪያው ነው» አልን። መምህራችን ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ከሁለተኛው ቁጥር ሥር አሰመሩበት። በዚያን ዕለት የተነሣው ክርክር ደወል ከተደወለ በኋላም አላበቃም፤ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይም ልናቀርበው የወደድነው ስለዚህ ነው።

ቁጥሮቹ በደቡብ አፍሪካ በሜይ 26 ቀን 1948፥ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 18 ቀን 1940 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የተሰጡ ድምፆች ናቸው። ከዚህ ወዲያ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን። የመጀመሪያው ቁጥር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ያን ስማትስ ይመሩት የነበረው ዩናይትድ ፓርቲ ያገኘው ሲሆን፥ ሁለተኛው የዶክቶር ዳንኤል ማላን ናሽናል ፓርቲና ተባባሪው ትንሹ አፍሪካነር ፓርቲ በአንድነት ያገኙት ነው። ነገር ግን ከ153ቱ የምክር ቤት ወንበሮች የማላን ወገን 79 ሲወስድ፥ ለተቃራኒው ወገን የቀረው 74 ብቻ ነበር። ለዚያውም የሠራተኞች ፓርቲ 6 ወንበሮችና የኬፕ ጥቁሮች የመረጧቸው 3 ነጭ እንደራሴዎች ተጨምረውበት ነው። ጄኔራል ስማትስ ራሳቸውም ስታንደርተን በምትባለው ወረዳ በ224 ድምፅ ተሸንፈው ወንበራቸውን አጡ።

ብዙ ድምፅ ያገኘ እንዴት ይሸነፋል? ምክንያቱ በ1909 በወጣው የኅብረቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። ሕጉ የምርጫ ወረዳዎችን የሚከፍሉት ዳኞች የአንድን ወረዳ የመራጮች ቁጥር ከመካከለኛው ልክ እስከ ከመቶ 15 ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲያደርጉ ይፈቅድላቸው ነበር። ገጠሩ ሰፊ፥ ሰዉም የተበታተነ ስለ ሆነ የገጠሩ ወረዳ ዝቅ ይደረግለታል፤ የከተማው ከፍ ይደረግበታል። ነገሩ እስከ ጫፉ ሲወሰድ የገጠር 85 መራጮች ከከተማ 115 መራጮች ጋር እኩል ይመዝናሉ ማለት ነው። የማላን ደጋፊዎች የበዙት በገጠርና በትናንሽ ከተሞች ነበር። የስማትስ ደጋፊዎች ግን በታላላቆቹ ከተሞች ተከማችተው ስለ ነበር፥ አንድን ወንበር ለማሸነፍ ከሚበቃው በላይ የሆነው ድምፃቸው እንዲያው ፈሶ ቀረ። የሚገርመው ነገር ያንን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ሰዎች ዋነኛው ራሳቸው ስማትስ መሆናቸው ነው።

እንግዲህ ከ79ኙ ወንበሮች ሦስቱ ብቻ ወደ ሌላው ቢያዘነብሉ ኖሮ ሚዛኑ 76 ለ77 ይሆን ነበር። ሦስት ወንበሮች! ይህንን ስንሰማ ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው አፓርታይድ የመጣው በአጋጣሚ ነዋ» አለ። ሌላው ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ መለሰለት፤ የሆነው ከሆነ በኋላ «ቢሆን ኖሮ» ማለት ምን ይጠቅማል ማለቱ ነው። እኛ ግን ይህን ተረት እዚህ ላይ አንቀበለውም። «ቢሆን ኖሮ» ብሎ የማይጠይቅ ሰው የሆነው ሁሉ መሆኑ የማይቀር ይመስለዋልና፤ አፓርታይድንም ሰዎች መክረው እንዳመጡት ሳይሆን እንደ ድርቅ ከሰማይ እንደ ወረደ ይቈጥረዋል።

ሁለቱ ወገኖች ለመራጩ ያቀረቡት አሳብ በጽሑፍ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ግምታችን ከዚያ ይነሣል። የስማትስ መንግሥት ያቋቋመው፥ ፋገን የሚባሉ ዳኛ የመሩት ኮሚሲዮን ነበር። ይህም ኮሚሲዮን ጥቁሮች ወደ ከተማ የሚያደርጉትን ፍልሰት መግታት እንደማይቻል፥ ዘሮችንም ፈጽሞ ለያይቶ ማኖር የማይሆን ነገር እንደ ሆነ አስታወቀ። የማላን ፓርቲ በበኩሉ ሳወር በሚባሉ ሰው የተመራ የራሱን ኮሚቴ አቋቁሞ መለያየቱ ፍጹም እንዲሆን የሚመክር ጽሑፍ አስወጣ። አፓርታይድ የሚለው ቃልም የምርጫ መፈክር ሆነ።

ስለዚህ ስማትስ ቢያሸንፉ ኖሮ አንዳንድ ነገሮች ባልተደረጉ ነበር ብለን ለመናገር እንደፍራለን። በ1949 በነጭና በሌላው ዘር መካከል ጋብቻ የሚከለክለው ሕግ፥ በ1950 እያንዳንዱን ሰው በዘሩ የሚመዘግበው ሕግና ማን በየትኛው ሰፈር እንደሚኖር የሚወስነው ሕግ የወጡት ከድሉ በኋላ ነው። በዚህ በመጨረሻው ሕግና በመሰሎቹ ምክንያት ስንት ቤተሰብ ከኖረበት ቤት ተነቀለ! በጆሐንስበርግ ሶፊያታውን ይባል የነበረው ሰፈር በ1955 ዓ.ም. ፖሊስ ገብቶበት ነዋሪዎቹ በካሚዮን እየተጫኑ ከከተማው ውጭ ተወስደዋል። ሰፈሩም ፈርሶ ለነጮች ተሠራና «ድል» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው።

እዚህ ላይ ስንደርስ የክፍላችን ግማሽ ስማትስን ጻድቅ ሊያደርጋቸው ምንም አልቀረውም ነበር። ጄኔራሉ በ1945 የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲጻፍ የመግቢያው ቃል እንዲዘጋጅ ያደረጉ ሰው ናቸውና። ዳሩ ግን መምህራችን ወደ ኋላ መልሰው ሌላውን መዝገብ አሳዩን። ጥቁሮች ከጥቂት የአገሪቱ መሬት በቀር እንዳይገዙ የከለከለው የ1913 ሕግ ሲወጣ ስማትስ ሚኒስትር ነበሩ። በ1936 የኬፕ ጥቁሮች ከጋራው የመራጮች መዝገብ ሲሰረዙ ሕጉ በ169 ድምፅ ለ11 አለፈ፤ ስማትስ ከ169ኙ ጋር ነበሩ። ከ11ዱ አንዱ ያን ሆፍመየር ነበሩ። በኦገስት 1946 ጥቁር የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ሥራ ባቆሙ ጊዜም የስማትስ መንግሥት ፖሊስ ልኮ አድማውን በኀይል ሰበረው፤ ሰዎችም ሞቱ።

እንግዲህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ስማትስ ቢያሸንፉ ጥቁሩ ሕዝብ ነጻ አይወጣም ነበር። በ1946 በተደረገው ቈጠራ አገሪቱ ወደ 11 ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ሲኖራት፥ ነጮቹ ከአምስት አንድ ያህል ነበሩ፤ የተሰጠው ድምፅ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ሚሊዮን ብዙ አያልፍም። ሁለቱም ፓርቲዎች ይከራከሩ የነበረው በሌለበት ሰው ላይ ነው። ሆኖም በጨቋኝ ሕግና ከእርሱ በባሰ ጨቋኝ ሕግ መካከል ልዩነት የለም የሚለውን አንቀበልም። ጭቈናውን የሚሸከመው ሰው ልዩነቱን በትከሻው ያውቀዋል።

ከጓደኞቻችን አንዷ ያነሣችው ተቃውሞ ግን ከሁሉ የከበደን ነበር። «ስማትስ በ1948 ዓ.ም. የ78 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ በ1950 ሞቱ። ወራሻቸው ይሆናሉ የተባሉት ሆፍመየር ደግሞ በዚያው በ1948 ዲሴምበር ላይ ሞቱ። በ1953 ምርጫ ማላን 94 ወንበር አገኙ። ታዲያ ነገሩ አምስት ዓመት ይዘገይ እንደ ሆነ ነው እንጂ መች ይቀር ነበር?» አለች። ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣን።

በኋላ ስናስበው ግን የ1953ቱ ድል ራሱ የ1948ቱ ልጅ ሆኖ አገኘነው። ማላን ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1949 ለደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፥ ማለት ለዛሬይቱ ናሚቢያ ነጮች፥ ስድስት የምክር ቤት ወንበሮች ሰጡ፤ በ1950 ስድስቱንም የእርሳቸው ፓርቲ ወሰደ። ከብሪታንያ የሚመጡ ሰዎች ዜግነት ለማግኘት ሁለት ዓመት ይበቃቸው የነበረውን ወደ አምስት ዓመት አራዘሙት፤ እነዚህ ሰዎች በብዛት ለስማትስ ወገን ድምፅ ይሰጣሉ ተብሎ ይጠረጠሩ ነበርና። በ1956ም ክልሶቹ የኬፕ መራጮች ከጋራው መዝገብ ተፋቁ። መሰላሉን የወጣበት ሰው ከላይ ሆኖ መሰላሉን ወደ ራሱ ሳበው ማለት ነው። በአምስት ዓመት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ይህ ያሳያል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚነካን ነገር እንምጣ። እኛ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ነን። በደቡብ አፍሪካም ጥቁር ልጆች ይማሩባቸው የነበሩት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ሚሲዮናውያን ያቋቋሟቸው፥ መንግሥት ግን ገንዘብ የሚረዳቸው ነበሩ። ኔልሰን ማንዴላ በሂልድታውን፥ ኋላ በ1960 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሸለሙት አልበርት ሉቱሊ በአዳምስ ኮሌጅ፥ ኦሊቨር ታምቦ በጆሐንስበርግ በሴይንት ፒተርስ ተምረዋል። ታምቦ ኋላ በዚያው በተማሩበት ትምህርት ቤት የሒሳብና የሳይንስ መምህር ሆኑ። በ1953 የባንቱ ትምህርት ሕግ ወጣ። ሕጉን ያወጡት ሚኒስትር ፈርቩርት፥ ጥቁር ልጅ በነጮች መካከል ከተወሰኑ የጉልበት ሥራዎች በላይ ቦታ ስለሌለው ለዚያ የሚበቃውን ብቻ ይማር፤ ሒሳብማ ምን ያደርግለታል የሚል ንግግር አደረጉ። ትምህርት ቤቶቹ ለመንግሥት እንዲያስረክቡ፥ አለዚያ እርዳታው ቀርቶባቸው እንደሚሆኑ እንዲሆኑ ተደረገ። ሴይንት ፒተርስ ከማስረከብ መዘጋትን መርጦ በ1956 ዓ.ም. በሩን ዘጋ።

ይህንን ክፍል ስናጠና ክፍላችን ጸጥ አለ። የሒሳብ ትምህርት የሚጠላውም ጓደኛችን (ስሙን አንጠራም፤ እርሱ ያውቃል) «ሒሳብ ለአንተ አልተፈጠረም» የሚል ሕግ ቢወጣበት ምን ይሰማው እንደ ነበር ጠየቅነው። «ያን ቀን ሒሳብ እጀምር ነበር» አለ። በዚያው ሕግ ሥር ያደጉት የሶዌቶ ተማሪዎች፥ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከእኛ የሚያንስ፥ ትምህርታቸውን በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲማሩ በታዘዙ ጊዜ ጁን 16 ቀን 1976 ወደ አደባባይ ወጡ፤ ጥይትም ተተኰሰባቸው። ስማትስ ቢያሸንፉ ኖሮ ለትምህርት ቤቶቹ ብዙ ገንዘብ ይጨመር ነበር ለማለት ማስረጃ የለንም፤ መዘጋታቸው ግን ይቀር ነበር ብለን እናምናለን።

የዚህ ምርጫ ነገር ከአገራችንም ጋር ይገናኛል። በ1939 ደቡብ አፍሪካ ወደ ጦርነቱ ትግባ ወይስ አትግባ በተባለ ጊዜ ምክር ቤቱ በ80 ድምፅ ለ67 ትግባ ብሎ ወሰነ፤ ስማትስም ሥልጣን ያዙ። የማላን ወገን ይህን ተቃውሞ ነበር። ከዚህም የተነሣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከኬንያ ተነሥተው በፌብሩዋሪ 1941 ሜጋን ያዙ፤ ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት ከአርበኞቻችንና ከሌሎቹ ጋር ድርሻ አላቸው። ለእኛ ነጻነት የመጣው ያ ሠራዊት ግን ለገዛ ጥቁር ወታደሮቹ ጠመንጃ አያስይዝም ነበር።

ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ደቡብ አፍሪካን በዘ ሔግ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በጁላይ 1966 ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ሁለተኛ ድምፅ ሰጡና ክሱ ወደቀ። ስማትስ ቢያሸንፉ ይህ ክስ ይቀር ነበርን? አይመስለንም። ያንን አገር ከደቡብ አፍሪካ ጋር ለመቀላቀል በ1946 የተባበሩት መንግሥታትን የጠየቁት ራሳቸው ስማትስ ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም አልተፈቀደላቸውም። ማንዴላ ግን በ1962 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የጦር ትምህርት ባልተማሩም ነበር ይሆናል። ከታምቦ ጋር በጆሐንስበርግ የከፈቱት የጥብቅና ቢሮ ሥራ በዝቶለት ይኖር ይሆናል። ይህን በእርግጠኛነት የሚያውቅ የለም።

በክርክሩ መጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ፥ ብዙ የማይናገር፥ እጁን አወጣ። «በ1948 ዓ.ም. ሁሉም ሰው መርጦ ቢሆን ኖሮስ?» አለ። መምህራችን ጠመኔውን አስቀመጡና «እስከ አሁን የቆየነው ለዚህ ጥያቄ ነው» አሉ። ያ ምርጫ የተደረገው ከ46 ዓመት በኋላ፥ በአፕሪል 1994 ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። ሉቱሊ በ1967 ዐርፈው ነበር፤ የሒሳብ መምህሩ ታምቦም ምርጫው ሊደረግ አንድ ዓመት ሲቀረው፥ በአፕሪል 1993 ሞቱ።