ከመመረቂያ ጽሑፍ የተነሣ ሰማይ ጠቀስ

የዘንድሮው መጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ጻፍ ሲሉኝ ቺካጎ ያለውን የጆን ሃንኮክ ሕንፃ መረጥኩ። 100 ፎቅ ነው፤ እስከ ጣሪያው 344 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙ በልጠውታል። እኔን የሳበኝ ግን የሐሳቡ መነሻ ነው። መነሻው የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፋዝሉር ካን የዛሬዋ ባንግላዴሽ ሰው ነው። በ1952 በስኮላርሺፕ አሜሪካ ገባ፤ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲም በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ማስተርስና አንድ ዶክትሬት ይዞ ወጣ። ሥራው ስኪድሞር፣ ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል በሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ ጎን ለጎን በኢሊኖይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአርክቴክቸር ተማሪዎችን ያማክር ነበር። ከባልደረባው ከማይረን ጎልድስሚዝ ጋር ካማከሯቸው አንዱ ሚኪዮ ሳሳኪ ነበር። ሳሳኪ በ1964 ያቀረበው የመመረቂያ ሥራ በውጭ ገጾቹ ላይ ትልልቅ ሰያፍ ብረቶች የተጋደሙበት ረጅም የቢሮ ሕንፃ ነው።

ሰያፉ ለምን አስፈለገ? የአጥር በር ያሠራ ሰው ያውቀዋል። አናጢው አራቱን ጣውላዎች ገጥሞ ብቻ ቢተወው በሩ ውሎ አድሮ ይዛነፋል፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አንድ ሰያፍ እንጨት ሲመታበት ግን ቀጥ ይላል። ረጅም ሕንፃም በነፋስ ሲገፋ እንደዚያው ነው። በቋሚና በአግዳሚ ብቻ ልቋቋመው ካለ፣ ፎቁ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ገንዘቡም እንደዚያው። ሰያፎቹ የውጭውን ግድግዳ ዙሪያውን አስተሳስረው እንደ አንድ ጠንካራ ቱቦ ያደርጉታል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ አጋጣሚ መጣ። ጄሪ ዎልማን የሚባል አልሚ ሁለት ሕንፃ አስቦ ነበር፤ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለመኖሪያ። ቦታው ስለሚጣበብ አርክቴክቱ ብሩስ ግርሃምና ካን ሁለቱን አንዱን በሌላው ላይ አድርገው በአንድ ሕንፃ አጠቃለሏቸው። ሱቅና መኪና ማቆሚያ ከታች፣ ቢሮ ከመሐል፣ መኖሪያ ከላይ። ታች ሰፊ ወለል ያስፈልጋል፤ የመኖሪያ ክፍል ደግሞ መስኮት ይፈልጋል። ስለዚህ ከታች ወደ 81 በ50 ሜትር የሆነው ሕንፃ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ወደ 49 በ30 ሜትር ይደርሳል። በአራቱም ገጽ ላይ የተማሪው ሰያፎች በትልቁ ኤክስ ሠርተው ይታያሉ። ውጤቱን በቁጥር ልንገራችሁ፦ 102 ፎቅ ያለው ኤምፓየር ስቴት ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል 206 ኪሎ ገደማ ብረት ወስዷል። ሃንኮክ ግን 145 ገደማ ነው የወሰደው።

ካን በስሌቱ ብቻ አልተማመነም። ላይ የሚኖረው ሰው ሕንፃው ሲወዛወዝ ቢያዞረውስ? ስለዚህ በከተማው የሳይንስና ኢንዱስትሪ ሙዚየም በነበረ የሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ ሰዎችን አቁሞ፣ አስቀምጦ፣ አስተኝቶም እንቅስቃሴው መቼ እንደሚሰማቸው ፈተነ።

ፈተናው ግን ካልተጠበቀበት፣ ከታች መጣ። ሕንፃው 20 ፎቅ ገደማ ሲደርስ መሠረቱ ከሚገባው በላይ መስመጡ በልኬት ተገኘ። ሲመረመር፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከፈሰሰው የመሠረት ኮንክሪት ውስጥ ክፍተት ተገኘ። የብረት ቱቦው ሲነቀል ኮንክሪቱን ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ በባዶው ቦታም አፈር ገባበት። ሥራው ለወራት ቆመ፤ መሠረቶቹ አንድ በአንድ ተፈተሹ። ዎልማን መቼም ዕድል የለውም፣ ከሰረ፤ ፕሮጀክቱንም ሕንፃው በስሙ የተጠራው የኢንሹራንስ ኩባንያ ተረከበው። ንድፉ ግን አልተነካም። በ1968 ብረቱ ጫፍ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ነዋሪ ገባበት።

ይህን ለእናንተ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ዛሬ የራሷ ሰማይ ጠቀስ አላት። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ ንድፉን ጀርመኖች ሠሩት፣ ግንባታውን ቻይናዎች። ደስ ይላል፤ እኔም በኩራት ነው የማየው። የእኛ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራስ? አምስት ኪሎ ሌሊቱን ሙሉ ቲ-ስኩዌር ላይ ተደፍተን የሠራነው ከመከላከያው ቀን በኋላ ማን አየው? ሳሳኪ ከእኛ የተለየ ጭንቅላት አልነበረውም። የተለየው አማካሪው ነበር፦ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያየውን ከሰዓት መሥሪያ ቤቱ ይዞት የሚገባ ሰው።

ዛሬ ከመካከላችን አማካሪ ድርጅት ያላችሁ አላችሁ፤ ተቋራጭ ሆናችሁ ክሬን የምትተክሉ አላችሁ፤ የምታስተምሩም አላችሁ። ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በየዓመቱ የሲቪልና የአርክቴክቸር ተመራቂዎች ሥራቸውን ሲከላከሉ ከእኛ ቢያንስ ሁለት ሦስታችን ወንበር ይዘን እንቀመጥ። ለሥራችን የሚሆን ካገኘን ልጁን ስልኩን እንጠይቀው።