ከአልጋ ወደ ብስክሌት፦ በካንሰር ሕክምና ወቅት የአካል እንቅስቃሴና የደም ጤና አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የሕክምና ልማድ መለወጥ ነው። የካንሰር ሕሙማን ለብዙ ዘመን ከሐኪምም ከቤተሰብም ይሰሙት የነበረው ምክር «ዕረፍት አድርጉ» የሚል ነበር። ምክሩ ከርኅራኄ የመነጨ ነው፤ ምክንያትም ነበረው። ኬሞቴራፒ የካንሰር ሴሎችን ሲያጠቃ በፍጥነት የሚባዙትን የአጥንት መቅኔ ሴሎችም ይጎዳል። በዚህም ቀይ የደም ሴሎች ያንሳሉ፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፣ ታማሚውም ጥቂት ተራምዶ ይደክማል። ታዲያ የደከመ ሰው ይረፍ ቢባል ምን ክፋት አለው?

የመልሱ መነሻ የተገኘው ከካንሰር ሕክምና ውጭ ነው። ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1947 እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር አልጋ ላይ መዋል ስለሚያስከትለው አደጋ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ጻፈ። በ1966 ደግሞ በአሜሪካ፣ በዳላስ ከተማ፣ አምስት ጤናማ ወጣቶች ለጥናት ሲባል 3 ሳምንት አልጋ ላይ ቆዩ፤ ሰውነታቸው ኦክስጅንን የመጠቀም ከፍተኛ ዐቅሙ በሩብ ያህል ወረደ። ጤነኛውን እንዲህ ያደረገ አልጋ ታማሚውንማ ምን ያደርገው ይሆን?

ይህን ጥያቄ በካንሰር ሕሙማን ዘንድ ቀድመው ከፈተኑት መካከል የነርሲንግ ተመራማሪዎች ይገኛሉ። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሜሪ ማክቪካር፣ ሜሪል ዊኒንግሃምና ባልደረባቸው በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ የጡት ካንሰር ሕሙማን በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ10 ሳምንት፣ ባለበት የሚዘወር ብስክሌት ነዱ። ዐቅማቸውም ጎለበተ።

ስለ ደም የተነገረው ትልቁ ዜና ግን ከጀርመን፣ ከፍራይቡርግ፣ መጣ። ፈርናንዶ ዲሜዮና ባልደረቦቹ በ1997 እንደጻፉት፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ የወሰዱ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝተው ሳለ በየቀኑ ለ30 ደቂቃ የአልጋ ላይ ብስክሌት ይዘውሩ ነበር። ነጭ የደም ሴሎቻቸውና ፕሌትሌቶቻቸው አንሰው የሚቆዩበት ጊዜ ካልሠሩት አጠረ። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናታቸው ደግሞ፣ ከሕክምናው በኋላ ለ6 ሳምንት በመሮጫ ማሽን ላይ የተራመዱት ሕሙማን ሄሞግሎቢን ካልሠሩት ልቆ ተገኘ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። በ2010 በካናዳ የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ ኬሞቴራፒ ላይ በነበሩ የጡት ካንሰር ሕሙማን ዘንድ፣ ኤሮቢክ የሠሩትም ያልሠሩትም ሄሞግሎቢናቸው ቀነሰ። ልዩነቱ የታየው በዐቅም ነው፤ የኤሮቢክ ሠሪዎቹ ዐቅም የደማቸውን ያህል አልወረደም።

ሁለቱን ግኝቶች እንዴት እናስታርቅ? በእኔ ንባብ የፍራይቡርግ ተራማጆች መድኃኒቱን ጨርሰው መቅኔያቸው እያገገመ ነበር፤ የካናዳዎቹ ግን መድኃኒቱን ገና እየወሰዱ ነበር። መቅኔው እየተመታ ሳለ እንቅስቃሴ ደሙን ላይሞላ ይችላል፤ ልብና ጡንቻ ግን የቀረውን ደም በሚገባ እንዲጠቀሙበት ያሠለጥናል።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ስፖርት ደምህን ይተካል» የተባለ ታማሚ ደም መውሰድ ሲገባው ሊዘገይ ይችላል፤ «ዝም ብለህ ተኛ» የተባለውም ከበሽታው ድካም ላይ የአልጋውን ድካም ይደርባል። በ2010 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የባለሙያዎች ጉባኤ ለካንሰር ሕሙማን የሰጠው ዋና ምክር ያለ እንቅስቃሴ አትቀመጡ የሚል ነበር። የደም ማነሱ ሲበረታ፣ ፕሌትሌት ሲያንስ ወይም ትኩሳት ሲኖር ግን ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ርኅራኄ ያለ ማስረጃ ሊጎዳ እንደሚችል የአልጋው ታሪክ ያስተምረናል። ተስፋም ቢሆን በልኩ ሲነገር ነው ታማሚውን የሚጠቅመው።