ሦስቱ እግሮችና ተሸካሚያቸው

በ1838 ሉዊ ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ በሚገኘው ቤቱ መስኮት በኩል ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ፎቶ አነሳ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት ነበር። ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ምስሉ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ስለፈጀ፣ የሄደውም የመጣውም ዱካው አልቀረም። ከታች በግራ በኩል አንድ ሰው ብቻ ተለይቶ ይታያል። አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል፤ ጫማውን እያስጠረገ ነው። ፎቶ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ሰው እየተባለ የሚጠቀሰው ይህ የሊስትሮ ደንበኛ ነው።

ሰውየውን ለእኛ ያደረሰው ባለበት መቆሙ ነው። ካሜራውም ያን ያህል ደቂቃ ሳይነቃነቅ ባይቆም ኖሮ ግን ሊስትሮውም ደንበኛውም ዛሬ አይኖሩም ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይኸው ከካሜራ ሥር ያለው ነገር፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ (ትራይፖድ) ነው።

እናቶቻችን ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ነው። ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ወለሉ ትንሽ ከጎበጠ ይንገጫገጫል፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግን ድንጋያማ ደጅ ላይም ረግቶ ይቀመጣል። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉና። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ለወጥ እውነት ነው። ለፎቶግራፍ ግን ጉልቻው የተሠራበት ነገር ወጡን ይለውጠዋል ብዬ አምናለሁ። ፎቶ አንሺዎች ተገናኝተው እንጨት ይሻላል፣ አሉሚኒየም ይሻላል፣ ካርቦን ይሻላል ሲባባሉ ክርክሩ ስለ ቁሱ ይመስላል። ታሪኩን ወደኋላ ሄጄ ስመረምረው ያገኘሁት ሌላ ነው። የትራይፖድ ቁስ የተለወጠው ተሸካሚው በተለወጠ ቁጥር ነው።

በ1851 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር እርጥብ ኮሎዲዮን የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረገ። መስታወቱ የተቀባው ኬሚካል ሳይደርቅ ፎቶው መነሳት፣ ወዲያውም መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ከከተማ የወጣ ፎቶ አንሺ ጨለማ ክፍሉን፣ ጠርሙሶቹንና ውኃውን ሁሉ ይዞ ይጓዛል። ፎቶ አንሺው ካርልተን ዋትኪንስ በ1861 ወደ ካሊፎርኒያው ዮሰሚቲ ሸለቆ ሲገባ የያዛቸው ትልልቅ መስታወቶች እያንዳንዳቸው 46 በ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበሩ። ዕቃውን የተሸከሙለት አሥራ ሁለት ያህል በቅሎዎች ናቸው። በ1864 ፕሬዚዳንት ሊንከን ሸለቆው እንዲጠበቅ የሚደነግገውን ሕግ ሲፈርሙ፣ የዋትኪንስ ፎቶዎች የቦታውን ውበት በሩቅ ላለ ሰው አሳይተው ነበር።

ይኸው ዘዴ ከጦር ጋር ወደ እኛም አገር መጣ። በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ሠራዊት ከዙላ ተነስቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ መቅደላ ሲደርስ፣ የመሐንዲሶች ጓዱ ፎቶ አንሺዎች አብረው ነበሩ። መድፉን ዝሆን፣ የቀረውን በሺህ የሚቆጠር የጭነት ከብት ተሸከመው። እነዚያን ፎቶዎች ባየኋቸው ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ያነሳቸው ዓይን አምባውን የዘረፈ ሠራዊት ዓይን ነው፤ ሆኖም የአገራችን ተራሮች በመስታወት ላይ ከተቀረጹባቸው የመጀመሪያ ምስሎች ውስጥ ናቸው። ሰማዩ ባዶ ነጭ ነው፣ የዘመኑ ቅብ ሰማያዊን ከነጭ አይለይም ነበርና። ገደሉ ግን ስንጥቁ ሳይቀር ይቆጠራል። ከካሜራው ሥር የቆመው የእንጨት ትራይፖድ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ሸክሙ የበቅሎ ሲሆን ማንም ስለ ክብደት አይጨነቅም። ስለዚህ እንጨት በገዛ ብቃቱ ተመረጠ። በአውሮፓ ተመራጩ አሽ የሚባለው ዛፍ ነው፤ የመጥረቢያና የአካፋ እጀታም የሚሠራው ከእሱ ነው። በዘር የወይራ ዘመድ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ዱላ የያዘ ገበሬ የሚያውቀው ጥንካሬ ነው። የእንጨት ጭረቶች ንዝረትን ውጠው ያስቀራሉ። ጀርመን ውስጥ በርለባኽ የተባለው ድርጅት ከ1898 ጀምሮ እስከ ዛሬ በእንጨት እየሠራ ነው።

ከዚያ በቅሎው ቀረ። ኮዳክ በ1888 በእጅ የሚያዝ ካሜራ ሲያወጣ ተራው ሰው ማቆሚያውን ጨርሶ ጣለው፤ ጥርት ያለ የመልክዓ ምድር ፎቶ የሚፈልገው ግን በራሱ ጀርባ መሸከም ግድ ሆነበት። ፎቶ አንሺው አንሰል አዳምስ ሚያዝያ 10 ቀን 1927 ሃፍ ዶም የተባለውን የዮሰሚቲ አለት ሊያነሳ ሲወጣ 18 ኪሎ ገደማ ተሸክሟል። ካሜራው፣ 12 መስታወቶችና የእንጨት ትራይፖዱ ናቸው። የፈለገው ቦታ ሲደርስ የቀሩት ሁለት መስታወቶች ነበሩ። አንዱን በቢጫ ማጣሪያ አነሳው፤ ሰማዩ የልቡን እንደማያሳይለት ሲገባው ሁለተኛውን በጥቁር ቀይ ማጣሪያ ደገመው። ያ የመጨረሻው መስታወት ስሙን አስጠራው። አንድ ብቻ ሲቀርህ የነፋስ ውዝዋዜ ቢያበላሽብህ ሌላ ዕድል የለም። ያን ሁሉ ዳገት እንጨት የተሸከመው ለዚህ ነው።

አሉሚኒየም በዚያን ጊዜ ተወልዶ ነበር፣ ወደ ትራይፖድ ግን ዘግይቶ ደረሰ። በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ 2.85 ኪሎ የምትመዝን የአሉሚኒየም ቁንጮ ስትቀመጥ ብረቱ ከብር ጋር የሚወዳደር ውድ ነገር ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ ሁለቱም የ1863 ልጆች፣ ሳይተዋወቁ በኤሌክትሪክ የሚያወጡበትን መንገድ አገኙ፤ ዋጋውም ወደቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቧንቧው በየፋብሪካው ሞላ። ጣሊያን ባሳኖ ዴል ግራፓ ውስጥ ሊኖ ማንፍሮቶ የተባለ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ መብራት ማቆሚያዎቹ ስለከበዱት የራሱን መሥራት ጀመረ፤ የመጀመሪያ ትራይፖዱን በ1974 አወጣ። ፎቶ አንሺው አሁን ብቻውን ነው፣ ረዳት የለውም፣ ለነገ ጋዜጣ ይሮጣል። አሉሚኒየም የዚህ ሰው ነው። ርካሽ ነው፤ ቢወድቅ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም።

ካርቦን ፋይበር ደግሞ የአውሮፕላን ልጅ ነው። በ1958 አሜሪካዊው ሮጀር ቤከን፣ በ1961 ጃፓናዊው አኪዮ ሺንዶ መንገዱን ከፈቱ። ሰው ሠራሽ ክር አየር በሌለበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሲከስል ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የካርቦን ክር ይቀራል፤ ክሩ ተጠቅልሎ በሙጫ ይደርቃል። ደካማ ጎኑም ቀድሞ ታይቷል። ሮልስ ሮይስ ለአርቢ211 የአውሮፕላን ሞተሩ የሠራው የካርቦን ምላጭ የወፍ ግጭት ሙከራ ላይ ተሰባብሮ በታይታኒየም ተተካ። ካርቦን አይጎብጥም፤ ወይ ይችላል፣ ወይ ይሰነጠቃል። የፈረንሳዩ ጊትዞ የመጀመሪያውን የካርቦን ትራይፖድ ያወጣው በ1994 ነው። ዛሬ ሸክሙን የሚቆጥርብን የአየር መንገድ ሚዛን ነው፤ ለዚያ ሚዛን ከካርቦን የተሻለ የለም።

ልዩነቱን ለመስማት እግሩን ዘርጉና በጥፍራችሁ ኳ አድርጉት። አሉሚኒየም ይጮሃል፣ ድምፁም ይንጠለጠላል። ካርቦን ደፈን ያለ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። እንጨት ወዲያው ይውጠዋል። ያ የተንጠለጠለው ድምፅ ረጅም ሌንስ ሲገጠም ፎቶ ላይ እንደ ብዥታ ይወጣል። አንድ ኅዳር ስሜን ተራሮች ጨነቅ ላይ ጎህ ሲቀድ የአሉሚኒየም እግሮቼን ስከፍት ጣቶቼ ደነዘዙ። ብረቱ ሙቀቱን ከእጄ እየመጠጠ ይወስዳል፤ ብሎኑን ማጥበቄን ሳላውቅ ካሜራው አዘነበለ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱን እግሮች የላይኛ ክፍል በብስክሌት መሪ ስፖንጅ ጠቅልዬዋለሁ።

መንገድ ሲሠራ ቀያሾች የሚተክሉትን ማቆሚያም ልብ በሉ፤ ለጥንቃቄ ሥራ እስከ ዛሬ እንጨት የሚመርጡ አሉ። አንድ ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፀሐይ የመታው እግር ከጥላው እግር ይበልጣል፣ ልኬቱም ይዛባል። እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ የሚሰፋው ከዚህ እጅግ በጥቂቱ ነው።

ገንዘብ ሳይተርፈው ለሚጀምር ሰው የምመክረው ያገለገለ፣ ቧንቧው ወፈር ያለ አሉሚኒየም ነው። ቀጭን ካርቦን ከወፍራም አሉሚኒየም ይበልጥ ይወዛወዛል፤ የቧንቧው ውፍረት ከቁሱ ስም በፊት መታየት አለበት። በአንድ መጠን ሲወዳደሩ ካርቦን የሚያተርፍላችሁ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲሆን ዋጋው ግን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስቱዲዮ ለሚሠራ ያ ግማሽ ኪሎ ምንም አይደለም፣ ክብደት እንዲያውም ይጠቅመዋል። ተራራ ለሚወጣ ግን ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ዋጋውን ያወጣል። የመሃሉን ምሰሶ ሽቅብ መሳብ ደግሞ በየትኛውም ቁስ ላይ አልወድም፤ ለሦስት እግር ገንዘብ ከፍለን ካሜራውን በአንድ እግር ማቆም ነው።

ዳሎል ለሚሄድም አንድ ነገር ልበል። ጨው አሉሚኒየምን ይበላዋል። ካርቦኑን ባይነካውም፣ ካርቦንና አሉሚኒየም በጨዋማ ርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ የባሰ ይበላል፤ ስለዚህ የካርቦን እግር ላይ ያሉት የአሉሚኒየም መቆለፊያዎች ቀድመው ይጎዳሉ። እኔ ከዚያ ስመለስ ሆቴል ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር እግሮቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በባልዲ ንጹሕ ውኃ አጥባቸዋለሁ፣ እስከ ጠዋት ተለያይተው ፎጣ ላይ ይደርቃሉ። ውኃው ውስጥ የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ በየጊዜው ያስደነግጠኛል።