የሶፍትዌር ስህተት ሪፖርት

የሶፍትዌር ስህተት ሪፖርት ማለት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የስልክ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ መሥራት ከሚገባው ውጭ ሲሠራ ተጠቃሚው ለአዘጋጆቹ የሚልከው ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ እስካሁን የማያደርገውን ነገር እንዲያደርግ የሚጠይቅ ጽሑፍ ደግሞ የማሻሻያ ሐሳብ ይባላል። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ መዝገብ ይቀመጣሉ፤ አያያዛቸው ግን ይለያያል። ስህተት ከተረጋገጠ ይታረማል፤ ሐሳብ ግን ይመዘናል፣ ሊጸድቅም ሊቀርም ይችላል።

በግዕዝ ፊደል፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ወይም በኦሮምኛ ቁቤ የሚሠሩ ሰዎች የሚያጋጥሟቸው ስህተቶች ሌላ አገር ላለው አዘጋጅ በቀላሉ አይታዩም። አዘጋጁ በራሱ ቋንቋና በራሱ የቀን መቁጠሪያ ሲሞክረው ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራልና። ተጠቃሚው ካልጻፈ ስህተቱ መኖሩ ራሱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ስያሜ

የሶፍትዌር ስህተት በአማርኛ «ሳንካ» ወይም በውሰት «ባግ» ይባላል። «ባግ» በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒውተር ውስጥ የእሳት እራት ተገኝታ በሥራ መዝገቡ ላይ ተለጥፋለች። ቃሉ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ለፈጠራ ሥራ እንከን ተጠቅሞበታል።

ይዘት

ጥሩ ሪፖርት አንባቢው ስህተቱን በራሱ ማሽን ላይ መድገም እንዲችል ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉትን ይይዛል፦

1. ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገልጽ ርዕስ
2. ስህተቱ እስኪታይ ድረስ የተደረጉት ነገሮች በቅደም ተከተል
3. ይጠበቅ የነበረው ውጤት
4. በእርግጥ የታየው ውጤት፣ የስህተት መልእክት ካለ ቃል በቃል
5. የመሣሪያው ዓይነት፣ የፕሮግራሙ እትም፣ ቋንቋውና የኔትወርኩ ሁኔታ

ለምሳሌ በጅማ ዞን በደዶ ወረዳ ያለ አንድ የቡና አምራቾች ማኅበር የአባላቱን መዋጮ በስልክ መተግበሪያ ይመዘግባል እንበል። ጸሐፊው «መተግበሪያው ቀን አይቀበልም፣ እባካችሁ አስተካክሉት» ብሎ ቢልክ አዘጋጁ የት እንደሚጀምር አያውቅም። «የክፍያ ቀን ስመርጥ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የለም፤ ጳጉሜን 5 ግን አለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ መኖር ሳይገባው ይታያል» ብሎ ቢልክ ግን ምክንያቱ ከሪፖርቱ ውስጥ ይወጣል። ፕሮግራሙ በ4 ያለ ቀሪ የሚካፈለውን ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ያለው አድርጎ ቆጥሯል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን 6 ቀን የሚኖረው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ሲሆን፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው።

ስህተቱ የታየበት ሰዓትም በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚባለው በዓለም አቀፍ አጻጻፍ 8:00 ነው። ብዙ ሰርቨሮች በሚመዘግቡበት ዩቲሲ ደግሞ 5:00 ይሆናል። ይህ ካልተገለጸ አዘጋጁ መዝገቡን በሌላ ሰዓት ሲፈልግ ምንም ላያገኝ ይችላል።

የስክሪን ፎቶ ይረዳል፤ በፎቶ ውስጥ ያለ መልእክት ግን እንደ ጽሑፍ ስለማይፈለግ መልእክቱን በጽሑፍም መገልበጥ ይመረጣል። በፎቶው ላይ የሚታይ የሰው ስም፣ ስልክ ቁጥር ወይም የባንክ ሒሳብ መሸፈን አለበት።

በፕሮግራመሮች ማኅበረሰብ

ስታክ ኦቨርፍሎው ፕሮግራመሮች የሚጠይቁበትና የሚመልሱበት ድረ ገጽ ነው። በጄፍ አትውድና በጆኤል ስፖልስኪ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት ስለ ድረ ገጹ ራሱ ብቻ የሚወራበት «ሜታ» የተባለ ክፍል ተጨመረ። በዚያ የሚቀርብ ጽሑፍ ከአራት ምልክቶች ቢያንስ አንዱን ይይዛል፦ ስህተት፣ የማሻሻያ ጥያቄ፣ ውይይት ወይም ድጋፍ። ከታየ በኋላም ተጠናቋል፣ ውድቅ ሆኗል፣ በንድፉ መሠረት ነው፣ ሊደገም አልቻለም የሚሉ ምልክቶች ሊሰጡት ይችላሉ። ውድቅ የሆነ ሐሳብ እንኳ ከነምክንያቱ ስለሚቆይ ቀጣዩ ጠያቂ ያነበዋል።

ድረ ገጹ ከእንግሊዝኛው ሌላ በፖርቱጋልኛ፣ በሩስኛ፣ በጃፓንኛና በስፓንኛ ተከፍቷል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተዘጋጀ ግን የለም፤ የኢትዮጵያ ተጠቃሚ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይኖርበታል። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችና ተራ የተሰጣቸው እርምጃዎች ቋንቋው ለሚከብደው ጸሐፊ ይበቃሉ።

በቴሌግራም ቡድን የተጻፈ ቅሬታ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አይሆንም። ፈጥኖ መልስ ሊያገኝ ቢችልም በአዳዲስ መልእክቶች ተውጦ ይቀራል፤ ቁጥርና ኃላፊም አይኖረውም።

ስህተትና ንድፍ

ያልተጠበቀ ነገር ሁሉ ስህተት አይደለም። በፓይተን ቋንቋ አንድ ምልክት አኃዝ መሆኑን የሚመረምረው ትእዛዝ ለ«፩» «እውነት» ብሎ ይመልሳል። ያው «፩» ወደ ኢንቲጀር ይቀየር ሲባል ግን ፓይተን አይቀበልም። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዩኒኮድ አመዳደብ የመጣ ነው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ፲፣ ፳ እና ፻ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ 25 ሲጻፍም ፳፭ ይሆናል። ስለዚህ ምልክቶቹ አኃዝ ቢሆኑም እንደ 0–9 በቦታ ዋጋ የሚነበቡ አስርዮሽ አኃዞች አይደሉም። አስርዮሽ መሆናቸውን የሚመረምረው ሌላው የፓይተን ትእዛዝ «ሐሰት» ይላል። ለዚህ ሪፖርት ተገቢው መልስ «በንድፉ መሠረት ነው» የሚለው ሲሆን ፕሮግራመሩ ሁለተኛውን ትእዛዝ መጠቀም አለበት።

በኢትዮጵያ የሚያጋጥሙ ምሳሌዎች

ሁድሃ፦ በኦሮምኛ ቁቤ ድምፅ መቆረጡን የሚያሳይ ከላይ የሚቀመጥ ምልክት ሲሆን «ሀርኣ» (ዛሬ) በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ኤስኪውኤል በተባለው የመረጃ ቋት ቋንቋ ይኸው ምልክት የጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ነው። በጥንቃቄ ያልተሠራ ቅጽ ሁድሃ ያለበት ስም ሲገባበት ሊቆም ይችላል። መፍትሔው ምልክቱን ከስሙ መሰረዝ ሳይሆን ጽሑፉን ከትእዛዙ ለይቶ ወደ መረጃ ቋቱ መላክ ነው።

ስም፦ ብዙ ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ የተለመደው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ይህ በአብዛኛው እንደ ማሻሻያ ሐሳብ ይቀርባል።

ሞክሼ ፊደላት፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በአማርኛ አንድ ድምፅ ቢኖራቸውም በኮምፒውተር የተለያየ ኮድ አላቸው። «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። ፍለጋው እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የተቀመጠውን ጽሑፍ መለወጥ ግን «ሠረቀ» (ወጣ) እና «ሰረቀ» (ሌባ ሆነ) የሚሉትን ያደባልቃል።

የደህንነት ስህተት

የሰዎችን መረጃ ወይም ገንዘብ ለአደጋ የሚያጋልጥ ስህተት በይፋ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ከላይ የተጠቀሰው የሁድሃ ችግር ለምሳሌ ያልተፈቀደለት ሰው በቅጹ በኩል የመረጃ ቋቱን ማዘዝ እንደሚችል ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ለአዘጋጁ በግል ይላካል፤ ዝርዝሩም እርማቱ ከወጣ በኋላ ይገለጻል። ስህተቱ መኖሩን ለማሳየት የሌላ ሰው መረጃ መክፈት አያስፈልግም።

ከሪፖርት ወደ ደረጃ

አንዳንድ ጉድለት በአንድ ፕሮግራም እርማት አይፈታም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው እትም 3.0 ሲሆን የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት አልያዘም ነበር። ከተጨመሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2010 ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ፣ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች ያገለገሉት ይገኛሉ። አዲስ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የሚገባው በጽሑፍ በቀረበ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የፊደሉን ቅርጽ፣ ስሙንና በሥራ ላይ መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይይዛል። እንደ ስህተት ሪፖርቱ ሁሉ የሚመዘነው አንባቢው ራሱ ሊያረጋግጠው በሚችለው ነገር ነው።