ዋሸራ በግ

ዋሸራ በግ በጎጃም ደጋና ወይናደጋ የሚረባ አገር በቀል የበግ ዝርያ ነው። ላቱ ሰፊና አጭር፣ ጸጉሩም አጭር ሲሆን ወንዱም ሴቷም አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ የላቸውም። ዳንግላ በግ እየተባለም ይጠራል። ዋነኛ መገኛው ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም እንዲሁም አዊ ነው። ዋሸራ ሲባል የቤተ ክህነት ሰው ትዝ የሚለው የቅኔው ጉባኤ፣ ዋሸራ ማርያም ነው፤ የበግ ነጋዴው ግን ቀይ፣ ጀርባው የሞላ በግ በዓይኑ ይመጣበታል።

ከመልኩ ቀይና ቡናማው ይበዛል። ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያደረገበት ቦቃና እግሩ ከታች ነጭ የሆነውም በየመንጋው አይጠፋም።

በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የጤፍ አገርን አቋርጦ ያልፋል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ናቸው። በዚህ አገር መሬቱ በቅድሚያ የጤፍ ነው፤ በጉ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ክረምት በማሳ ዳርና በወል ግጦሽ ላይ ይውላል፣ እህሉ ሲታጨድ ቃርሚያው ላይ ይለቀቃል፣ በጋው ሲጠና ገለባ ይቀርብለታል። ዋልካ መሬት ውኃ ስለሚያቁር ረግረጉ ላይ የሚሰማራ በግ በጉበት ትል ይጠቃል፤ የከሳው በግ ሁሉ በዘሩ የከሳ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

የዋሸራ ግልገል ሲወለድ በአማካይ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ጡት በሚጥልበት በሦስተኛው ወር ወደ 12 ኪሎ ይደርሳል፤ በቀን 100 ግራም ያህል ይጨምራል ማለት ነው። በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ግልገሎች ግን እኩል አያድጉም። ወንዱ ከሴቷ ይከብዳል፣ ለብቻው የተወለደው ከመንታው ይበልጣል፣ ደጋግማ የወለደች እናት ከመጀመሪያ ወላጇ የተሻለ ታጠባለች፣ ሣር ባለበት ወር የተወለደው በደረቁ ወር ከመጣው ይቀድማል። እነዚህ ሁሉ ተቀንሰው የሚቀረው ልዩነት በከፊል ከደም የመጣ ነው። አርቢ በምርጫ ሊያሻሽለው የሚችለውም ይህንኑ ነው።

በግ 27 ጥንድ ክሮሞዞም አለው። ዕድገቱን የሚወስነው አንድ ጂን ሳይሆን እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ብዙ ጂኖች ናቸው። አንድ ጂን ብቻውን ጎልቶ የሚታይበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ከኔዘርላንድ የመጣው ቴክስል በግ የጡንቻን ዕድገት የሚገታውን ማዮስታቲን የተባለ ፕሮቲን የሚያዳክም ለውጥ በዘሩ ይዟል፤ ሥጋው የሚበዛውም በዚሁ ነው። ሌላው በግ፣ ዋሸራም ጭምር፣ በአብዛኛው የሚሻሻለው በአንድ ጂን ተአምር ሳይሆን በትውልድ ላይ ትውልድ በሚደረግ ምርጫ ነው።

ለዚህ ምርጫ የሚሆን ልዩነት አለ። ሰሎሞን ግዛው በ2008 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት 14 የኢትዮጵያ በጎች ስብስቦችን በመልክና በዘረመል አነጻጽረው በ9 ዝርያዎች መድበዋቸዋል፤ ዋሸራ ከዘጠኙ አንዱ ነው። ጥናቱ እንዳሳየው ከጠቅላላው የዘረመል ልዩነት አንዱን ስብስብ ከሌላው የሚለየው ከ100 እጅ ወደ 5 ብቻ ነው። የቀረው በየስብስቡ ውስጥ ያለ ነው። ጥሩ አውራ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ከጎረቤት መንጋ ሊገኝ ይችላል።

ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው። በፋሲካ ዋዜማ የበግ ተራ የወጣ ገዢ መጀመሪያ ወገቡን በጣቱ ይጫናል፣ ቀጥሎ ላቱን በመዳፉ ያነሳል፣ ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። እጁ የሚያርፈው ከእኩዮቹ ቀድሞ የሞላው ጠቦት ላይ ነው። ገበሬውም ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለዓረፋ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣለትን ያንኑ ይዞ ይወጣል። ካልሸጠውም አኮላሽቶ ሙክት ያደርገዋል። ደጅ ቀርቶ ሴቶቹን የሚያጠቃው ገዢ ያለፈው ቀጫጫ ነው።

የዚህ ዋጋ በቀላል ስሌት ይታያል። ሦስት ወር ሲሞላው ከመንጋው አማካይ በ3 ኪሎ የሚበልጥ ጠቦት አለ እንበል። የክብደት ተወራሽነት 0.2 ቢሆን ከብልጫው ለዘር የሚተላለፈው 600 ግራም ነው፤ ግማሹ ዘር ከእናት ስለሆነ ግልገሎቹ በአማካይ 300 ግራም ይጨምራሉ። በእሱ ፋንታ ከአማካዩ በ3 ኪሎ የሚያንሰው አውራ ከሆነ ስሌቱ ያው ነው፣ 300 ግራም ግን ወደ ታች። በአንድ ዓመት አይታወቅም፤ ለትውልድ ሲደጋገም ይታወቃል።

በኢትዮጵያ ይህን ለመግታት የተሞከረው በማኅበረሰብ አቀፍ እርባታ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ግልገሉ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፣ ክብደቱ በማንጠልጠያ ሚዛን ተለክቶ ይመዘገባል፣ ጠቦቶቹ ሲያድጉ አርቢዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው አውራ ይመርጣሉ። የተመረጠው አውራ ልጆቹን እንዳያጠቃ በየጊዜው ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይዛወራል። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል የሆነውና ከባሕር ዳር ብዙ የማይርቀው አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም በዋሸራ ላይ ሠርቷል። የዋሸራ አውራዎች ደቡብ ጎንደር ተወስደው ከፋርጣ በግ ጋር ተዳቅለዋል።

ለቢቸናና ለሞጣ አርቢ ሚዛኑና መዝገቡ ከባድ ወጪ አይደሉም። ከባዱ በበዓል ዋዜማ ጥሩ ዋጋ የተጠራበትን ጠቦት መልሶ ወደ ቤት መንዳት ነው። አርቢዎች ተባብረው ለዚያ ጠቦት የገበያውን ዋጋ ካልከፈሉ ምርጥ አውራ በመንደር አይቀርም።