የጠላቂ ልብስ (ዌትሱት)

የጠላቂ ልብስ ወይም ዌትሱት ውሃ ውስጥ ጠልቀው የሚሠሩ ሰዎች ሰውነታቸው እንዳይቀዘቅዝ የሚለብሱት፣ ገላ ላይ ጥብቅ የሚል የጎማ ልብስ ነው። የሚሠራው ኒዮፕሪን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን በጎማው ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች አሉ። ዌትሱት ውሃን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ጥቂት ውሃ ገብቶ በቆዳና በጎማው መካከል ይቀመጣል። ለባሹ ረጥቦም ቢሆን የሚሞቀው አረፋዎቹ የያዙት ጋዝ ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ነው። ስለዚህ ጥሩ ልብስ የሚመረጠው በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን፣ በይበልጥ በልኩ ነው።

ታሪክ

ኒዮፕሪን እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካው ዱፖን ኩባንያ ተሠራ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሂዩ ብራድነር ለባሕር ኃይል ጠላቂዎች የሚሆን ልብስ ሲያጠና፣ ጠላቂው እንዲሞቀው የግድ ደረቅ መሆን እንደማያስፈልገው ተረዳ። በጨርቁ ውስጥ የታመቀ ጋዝ ካለ ሙቀቱን እሱ ይጠብቃል። የዛሬው ዌትሱት የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነው።

ውሃ ሙቀትን እንዴት ይወስዳል

ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ሙቀትን ያስተላልፋል። በዚህም ምክንያት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር ቢስማማንም፣ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየ ሰው ይንቀጠቀጣል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከተለመደው 37 ዲግሪ ወርዶ ከ35 በታች ሲሆን ሃይፖተርሚያ ይባላል። ከዚያም አስቀድሞ ጣቶች መታዘዝ ያቆማሉ። ገመድ መፍታት ወይም የአየር መቆጣጠሪያውን መያዝ ያልቻለ ጠላቂ ገና ሳይበርደው እንኳ አደጋ ላይ ነው።

የውፍረት ምርጫ

የሚከተሉት መጠኖች ግምታዊ ናቸው፤ ቀጭን ሰው፣ ብዙ ሰዓት የሚቆይ ወይም ብዙ የማይንቀሳቀስ ጠላቂ ወፈር ያለውን መምረጥ ይገባዋል።

• ከ27 ዲግሪ በላይ፦ ስስ ልብስ ወይም እጅና እግሩ አጭር የሆነ
• ከ21 እስከ 27 ዲግሪ፦ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር
• ከ15 እስከ 21 ዲግሪ፦ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር
• ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፦ 7 ሚሊ ሜትር ከራስ ሽፋን፣ ከጓንትና ከጫማ ጋር
• ከ10 ዲግሪ በታች፦ ድራይሱት፣ ማለትም ውሃ ጨርሶ የማያስገባና ከሥሩ ሙቅ ልብስ የሚለበስበት

ልክና ስፌት

ሰፊ ልብስ ወፍራም ቢሆንም አያሞቅም። ጠላቂው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሞቀው ውሃ ይወጣና ቀዝቃዛው ይተካዋል። ልብሱን የሚሞክር ሰው በወገብ ኋላ፣ በብብትና በጉልበት ኋላ ባዶ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። እጁን ወደ ላይ ያንሣ፣ ቁጢጥ ይበል፣ በረጅሙ ይተንፍስ። አንገቱ፣ የእጅ አንጓውና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልብሱ ክፍተት ሳይኖረው መቀመጥ አለበት። ነገር ግን ከመጠን በላይ የጠበቀ አንገት የደም ሥርን ተጭኖ ማዞርና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ትንፋሽን የሚያግድ ልብስም መመለስ አለበት።

በስፌት በኩል፣ መርፌው ጎማውን ከወዲያ ወዲህ የበሳው ልብስ በቀዳዳዎቹ ውሃ ያስገባል። ለቀዝቃዛ ውሃ የሚመረጠው ጠርዞቹ በሙጫ ተጣብቀው፣ መርፌው ጎማውን ዘልቆ ሳይበሳ የተሰፋው ነው። ያገለገለ ልብስ የሚገዛ ሰው ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫነው፤ ተጨፍልቆ የቀረና የማይመለስ ከሆነ አረፋዎቹ አልቀዋል፣ ሙቀቱም ቀንሷል ማለት ነው።

ጥልቀትና ከፍታ

ጠላቂው በወረደ ቁጥር የውሃው ግፊት አረፋዎቹን ይጨምቃል። በባሕር 10 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ልብሱ ስለሚሳሳ፣ ላይ ሳለ የበቃው ውፍረት ታች ላይበቃ ይችላል። የመንሳፈፍ ኃይሉም ስለሚቀንስ ጠላቂው ወደ ታች መስመጥ ይቀለዋል።

በደጋ ደግሞ የአየር ግፊቱ ራሱ ዝቅተኛ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚያ 10 ሜትር የጠለቀ ሰው ላይ ግፊቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተዘጋጀ የመውጫ ሰዓት ሠንጠረዥ በቀጥታ አይሠራም፤ ለከፍታ የተስተካከለ ያስፈልጋል። በጣፋጭ ውሃ ውስጥ የመንሳፈፍ ኃይል ከባሕሩ ስለሚያንስ የቀበቶው ክብደትም እንደ አዲስ መመዘን አለበት።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ጠላቂዎች አሏት። ሰው ወንዝ ውስጥ ወይም ውሃ በሞላው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ባለሙያዎች ይጠራሉ። በተለይ በክረምት፣ ጎርፍ በሚበዛበትና አየሩ በሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ ፍለጋው ድፍርስ ውሃ ውስጥ በእጅ እየዳሰሱ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ጥቂት ሙቀት ስለሚያመነጭ ከዋናተኛ ይልቅ ቶሎ ይበርደዋል። በተጨማሪም የከተማ ወንዝ በፍሳሽ የተበከለ በመሆኑ ውሃ ወደ ቆዳ የሚያስገባው ዌትሱት ከሕመም አይከላከልም። እንዲህ ላለ ቦታ ድራይሱትና ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መነጽር ይመረጣል።

ጋምቤላ ላይ ጉዳዩ ይገለበጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በባሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች፤ ከእርሷ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች የተከፈተው የትየርኪዲ መጠለያ አለ። አካባቢው ሞቃት ቆላ ስለሆነ 7 ሚሊ ሜትር ልብስ ለብሶ በፀሐይ የሚጠብቅ ጠላቂ ከብርድ ይልቅ በሙቀት ይጎዳል። እዚህ ስስ ልብስ ከጭረትና ከፀሐይ ለመጠበቅ ይበቃል። ባሮ ውስጥ ካሉት አዞዎች ግን የትኛውም ውፍረት አያድንም።

ለበረደው ሰው እርዳታ

እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ ገላውን ማድረቅ፣ ራሱን ጭምር በብርድ ልብስ መጠቅለልና ከነፋስ መከለል ይቀድማል። ንቁ ከሆነና መዋጥ ከቻለ ሙቅ ሻይ በስኳር ይሰጠዋል። አረቄ አይሰጥም፤ ለጊዜው ደረትን ያሞቀ ቢመስልም የቆዳን የደም ሥሮች አስፍቶ የውስጥ ሙቀትን ያስወጣል። እጅና እግርን አጥብቆ ማሸትም አይመከርም። ንግግሩ የተኮላተፈ፣ ግራ የተጋባ ወይም መንቀጥቀጡን ያቆመ ሰው በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

አያያዝ

ልብሱ ከእያንዳንዱ ጥልቀት በኋላ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ ታጥፎ የተቀመጠም በእጥፋቱ ላይ ይሳሳል። ሰፊ መስቀያ ላይ ማንጠልጠል ይሻላል።